«ደህና ነህ» ያለው ወጌሻ

ተጫዋቾቹ «ጉጠት» ይሉታል። አውራ ጣቱ ጡንቻቸው ውስጥ ሲገባ ግዙፉ ተከላካይ ሳይቀር እናቱን ይጠራል። የአንድ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ ወጌሻ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ፣ ቡድኑ ለዋንጫ የቀረበው በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። ያቀረበውም የገዛ እህቱ ልጅ ነው፤ በሃያ አንድ ዓመቱ ሃያ ሁለት ጎል አግብቷል።

ሦስት ጨዋታ ሲቀር ልጁ ከልምምድ እያነከሰ መጣ። ጉጠት አስተኝቶት ጉልበቱን ወደ ፊት ሳብ ሲያደርገው አጥንቱ ከቦታው ሸሸት አለበት። ጅማቱ ሊበጠስ አንድ ሐሙስ ቀርቶታል።

«ሁለት ወር ይረፍ» አለ ለአሰልጣኙ።

አሰልጣኙ በሩን ዘጋ። «ከሁለት ወር በኋላ ምን ያደርግልኛል? ፋሻ አብዛበት። የሚያምነው አንተን ነው፤ ደህና ነህ በለው፣ በቃ።»

«ቢበጠስስ?»

«ባይበጠስስ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ዋንጫውን ጉጠትም ፈልጎታል። የሰው እግር እያሸ አርጅቷል፤ አንዴ እንኳ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ቢያጠልቅ ተመኘ።

«አጎቴ፣ አሰልጣኙን ተወው። አንተ ንገረኝ፤ ልግባ?» አለ ልጁ።

«ጅማትህ ትንሽ ተቆጥቶ ነው እንጂ ደህና ነህ። ግባ።»

ሁለቱን ጨዋታ በፋሻና በመርፌ ተወጣው። በመጨረሻው ጨዋታ፣ በሰባኛው ደቂቃ፣ ማንም ሳይነካው ሊዞር ሲል ወደቀ። ጉጠት ሳጥኑን ይዞ ሮጠ። ልጁ ዓይኑን ተከለበት፤ «ደህና ነህ ብለኸኝ!» አለው። በቃሬዛ ወጣ። በእሱ ምትክ የገባው ጎል አገባ፤ ቡድኑ ዋንጫ በላ።

«እኛ ምን እናውቃለን? ደህና ነው ያለን ወጌሻው ነው» አለ አሰልጣኙ ለጋዜጠኞች። በሳምንቱ ጉጠት ተባረረ፤ ልጁ የተኛበት ሆስፒታል ሐኪምም ኳስ እንዲረሳ ነገረው።

እህቱ ጉጠትን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘችው። አልጮኸችም።

«እናታችን ስትሞት ያሳደግኸኝ አንተ ነህ፤ ስለዚህ አልረግምህም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ወንድም የለኝም።»

በዓመቱ ልጁ የጉጠትን በር አንኳኳ። ጉልበቱ ተቆልፎበት መራመድ አቅቶታል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። ጉጠት መሬት ተንበርክኮ አንድ ሰዓት ያህል አሸለት፣ ጉልበቱም ቀስ በቀስ ተላቀቀ። ቀና ብሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት ልጁ ቀደመው።

«አትንገረኝ።»

ጫማውን አጥልቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ።