ማንም ያላጨበጨበለት

የምወደው፣ ዘፋኙ እያገሳ የሚዘፍንበት የሜሎዲክ ዴዝ ሜታል ባንድ በአልበም ያላወጣቸውን ዘፈኖችና መድረክ ላይ የተቀዱትን ሰብስቦ በአንድ ላይ ለቀቀ። ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ነገር ስለሆነ ስፒከሬን ከፍቼ ግቢውን አናወጥኩት። እዚህ ቴፒ ቤት ያከራዩኝ አባ ጀማል እየሮጡ መጡ።

"መምህር፣ ማንን እያረድክ ነው?"

"ሙዚቃ ነው አባ ጀማል። ዜማ ያለው የሞት ብረት ይባላል።"

"ሞቱንስ ሰማሁት። ዜማው የታለ?"

ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ስፈራ፣ በማግስቱ ጠዋት ስፒከሩን ዘፈኑ ካለበት ፍላሽ ጋር አውሰኝ አሉኝ። ለካ ከቡናው ጀርባ የዘሩትን በቆሎ ዝንጀሮ እየጨረሰባቸው ኖሯል። ጅራፍም ወንጭፍም የናቀው ዝንጀሮ በመጀመሪያው ዘፈን እግሬ አውጪኝ ብሎ ጫካ ገባ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲመርቁኝ ሰነበቱ።

በአራተኛው ቀን ስፒከሩን ታቅፈው፣ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

"ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?"

"የሚጮኸው ሰውዬስ ደህና ነው፤ ብቻውን ሲጮህ ይሸሻሉ። ዛሬ ግን ወደ መጨረሻ ያለውን ስከፍት፣ ሲጮህ ቆየና ሰው ሁሉ አጨበጨበለት።"

"እሱማ መድረክ ላይ የተቀዳው ነው። ከሁሉም ብርቁ እኮ እሱ ነው!"

"ብርቅ? የኛ ዝንጀሮ ከሰርግ ድንኳን ጀርባ ትራፊ እየለቀመ ያደገ ነው። ጭብጨባ ሲሰማ ሰርግ መስሎት ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ መጣ!"

ስፒከሩን አስታቀፉኝና፣

"በል፣ ማንም ያላጨበጨበለትን ለይተህ ጫንልኝ" አሉኝ።