የጻፈው ነው የጻፈችው?

ያስገቡኝ ቆቦ ውስጥ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። መስኮት የለውም፤ ግድግዳው የነቀዘ ማሽላ ይሸታል። ወንጀሌ አማርኛ ማስተማሬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለፈተና ስለ ግሪሳ ወፍ አጭር ምንባብ ጻፍኩ። «ግሪሳ በፍካሬያዊ ፍቺው ምን ሊሆን ይችላል? ከምንባቡ ማስረጃ ጥቀሱ» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ መልስ እንዲህ ይላል፦ «ሳይዘራ የሚበላ ሁሉ ግሪሳ ነው። ማስረጃ፦ አንቀጽ ሁለት፣ መስመር ሦስት።» ሙሉ ማርክ ሰጠሁ። ደስ ብሎኝ መምህራን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሞኝነቴ! በሳምንቱ ወረቀቱ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እኔም ፊቱ ቆሜ ነበር። ስም የተጻፈበት ጫፍ ግን ተቀዷል። ማን እንደቀደደው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እጁ ይባረክ።

መርማሪው በዕድሜ ታናሼ ነው፤ «አንተ» ይለኛል።

«ግሪሳ የተባልነው እኛ ነን፣ አይደል?»

«ሳትዘሩ ነው እንዴ የምትበሉት?» አልኩት።

በጥፊ አጮለኝ። «የማን ጽሕፈት ነው? ስም ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። የተማሪዎቼን ሁሉ ጽሕፈት አውቃለሁ። «እስከ ነገ አስብበት» ብሎ ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

አብረውኝ የታሰሩ አንድ የጎብዬ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስሙ አፌ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ለኔም እንዳትነግረኝ፣ መምህር። ያልሰማሁትን ወላሂ ቢገርፉኝም አላወጣው።» ከዚያ ሳቁ። «ደሞስ ግሪሳ ምን እንደሁ ራያ ላይ በምርመራ ነው የሚጠየቅ?»

በማግስቱ መርማሪው ዘዴ ቀየረ። ሻይ አስመጣልኝ፤ ድምፁን አለሰለሰ።

«ስሙን ተወው። ይህን ብቻ ንገረኝ፤ የጻፈው ነው የጻፈችው?»

ገባኝ። ከተማሪዎቼ ግማሾቹን ከቀነስኩለት የቀሩትን በአንድ ቀን ይጨርሳቸዋል። ፈርቻለሁ።

«የጻፉት» አልኩት።

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ሰው ናቸው። አንቱታ ነው።»

«ተማሪ አንቱ ይባላል እንዴ?»

«እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጡ ይባላሉ።»

ሻዩን ከፊቴ አነሳው። አምስት ወር ተጨማሪ ታሰርኩ። በጠየቀኝ ቁጥር «እሳቸው» እያልኩ መለስኩለት። በመጨረሻ ሳልከሰስ ለቀቁኝ፤ ከተማሪዎቼ አንድም አልተጠራም።

ያ ጥፊ ዛሬም ያናድደኛል። በአፌ ግን አላፍርም። አሁንም ቢሆን አንባቢ «ወንድ ናቸው ወይስ ሴት?» ብሎ ከዚህ ጽሑፍ ማስረጃ ቢፈልግ አያገኝም።

ባለፈው ሰሞን ሮቢት ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ እኒያ ተማሪ ከኋላዬ ጠሩኝ። ዞሬ ጎንበስ አልኩ።

«እንደምን ዋሉ?»

አፈሩ። «ኧረ መምህር፣ ምነው እኔን አንቱ?»

«ይልመዱት» አልኳቸው።