የስለቱ ጎመን እና የጋሽ ኮሊን መረብ

ልጅ እያለሁ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ውስጥ ጥንቸል የምትጠላ ሴት እናቴ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። የሰፈሩ ልጆች ካሮት ይዘው የሚያባብሏቸውን ነጭና ቡናማ ጥንቸሎች እሷ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየች ጥርሷን ትነክስ ነበር። አንድ የማናውቀው ሰው ማሳደጉ ሲሰለቸው ለቋቸው ኖሮ፣ ዓመት ሳይሞላ ተዋልደው ከጓሯችን የዕቃ ማስቀመጫ ሼድ ሥር ጉድጓድ ምሰው ሰፈሩ። ኪራይ የማይከፍሉ ተከራዮች ትላቸው ነበር። አባቴ ጎመኑን በሽቦ ቢያጥርባቸው ከሽቦው ሥር ቆፍረው ገቡ።

ነገሩ የጎመን ፍቅር ብቻ አልነበረም። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ ሳንባዬን ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። እናቴ አልጋዬ አጠገብ ሆና፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ በፍልሰታ ጾም ማኅበርተኞቼን በገዛ እጄ ዘርቼ ባበቀልኩት ጎመን አበላለሁ ብላ ለማርያም ተሳለች። ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል፤ እናቴ ካልጋሪ ተቀምጣ ጎመን ተሳለች። በረዶ መች ቀልጦ መች እንደሚመለስ በማይታወቅበት አገር! ከሱቅ እንዳትገዛ ደግሞ "በገዛ እጄ" ብላ አፏን አስራለች። እኔ ዳንኩ፤ ጎመኑም ደግነቱ በቀለ። ሐምሌ ላይ እስከ ጉልበቴ ሲደርስ ጥንቸሎቹም አብረው ደረሱ።

እኔ በልጅ ጭንቅላቴ ሒሳቡን ቀለል አድርጌ ነበር የያዝኩት። ጎመኑ የሳንባዬ ዋጋ ነው፤ ጎመኑ ካለቀ ሳንባዬ ይወሰዳል። ጠዋት ጠዋት ተነስቼ የተበላ ቅጠል ካየሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ መተንፈስ አለመተንፈሴን አረጋግጥ ነበር። አንድ ቀን አባቴን፣ ጥንቸሎቹ ሁሉንም ከበሉት ሳሉ ይመለስብኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አባቴ በስለት የሚያሾፍ ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ግን አላሾፈም። በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ የመረብ ኳስ መረብ ተሸክሞ መጣ።

ይህን ለመረዳት አባቴን ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ሳለ በመሥሪያ ቤቱ ቡድን መረብ ኳስ ተጫውቷል፤ ስለዚህ ስለ መረብ የሚቀረው እውቀት ያለ አይመስለውም። ያንን መረብ ከሼዱ ፊት እንደ ክራር ክር ወጥሮ ሲያቆመው እናቴ እንኳ አመነችው። ጥንቸሎቹ ወጡ፤ አንገታቸውን ሳያጎነብሱ በመረቡ ዓይን ሾልከው ጎመኑ ዘንድ ደረሱ። ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ተሰማ።

የሳቁት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ኮሊን የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ። አባቴ ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራት ስለማይሆንለት በእንግሊዝኛው መሃል ሁሉ "ጋሽ ኮሊን" ይላቸዋል፤ እሳቸውም የማዕረግ ነገር መሆኑ ገብቷቸው ኮራ ብለው አቤት ይላሉ። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ጥንቸል ሲያድኑ አድገዋል። ቤታቸው ደግሞ ዴዚ የምትባል ፌረት ነበረቻቸው፤ ሸለምጥማጥ የመሰለች፣ ቀጭን፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጥንቸል የምታስወጣ ፍጥረት።

ጋሽ ኮሊን ረጃጅም መረቦቻቸውን አምጥተው ሣሩ ላይ ዘረጓቸውና አባቴን ምረጥ አሉት። አንዱ አዲስ ናይለን ነው፤ ቀላል፣ አረንጓዴ፣ የሚያምር። ሌላው ከአባታቸው የወረሱት፣ እንደ ቃጫ የሚሻክር፣ አሮጌና ከባድ። አባቴ እንደ ማንኛውም አዲስ ዕቃ ወዳድ ናይለኑን አነሳ። ወዲያው የካልጋሪ ነፋስ ተነሳና መረቡን ከነአባቴ ጠቀለለው። እናቴና እኔ ስናላቅቀው ጋሽ ኮሊን አሮጌውን መረብ እያሳዩ ትምህርቱን ቀጠሉ። ነፋስ ባለበት ከባድ መረብ ይሻላል አሉ፤ ዓይኑም የጥንቸሏ ጭንቅላት የሚገባበት፣ ትከሻዋ ግን የማያልፍበት መሆን አለበት። ይህንን አባቴ ተቀበለ። ያልተቀበለው የመጨረሻውን ነው፤ መረቡ በችካሎቹ መሃል ላላ ብሎ መንጠልጠል አለበት ያሉትን።

"ጋሽ ኮሊን፣ እኔ በሕይወቴ የላላ መረብ ሠርቼ አላውቅም" አላቸው።

የአደኑ ቀን የተቆረጠው ማኅበርተኞቹ ለሚመጡበት ቀን ዋዜማ ነበር። እናቴ ድስቶቿን ሁሉ ፎቅ ወስዳ መኝታ ቤት ቆለፈችባቸው። ጥንቸል ሰኮናው ያልተሰነጠቀ ነው፤ ጠረኑ እንኳ ድስቴ ላይ እንዳያርፍ ብላ ነው። ጋሽ ኮሊን በቀና ልብ ጥሩ አድርጌ ልሥራላችሁ ቢሏት፣ ጾም ላይ ነን አለቻቸው። ከጾሙ በኋላስ ሲሏት ስልክ የጠራ አስመስላ ገባች።

ዴዚ ጉድጓድ ገባች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቡናማ ጥንቸል እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ወጣና አባቴ ማንም ሳያየው የወጠረውን መረብ መታው። ነጠረ። በአባቴ እግሮች መሃል አልፎ ጎመኑ ውስጥ ገባ። ጋሽ ኮሊን ባርኔጣቸውን አውልቀው አዩት። አባቴም ሄዶ መረቡን አላላው። ከዚያ በኋላ የወጡት ሁሉ እየተጠቀለሉ ቀሩ፤ ያ ቡናማውም ከጎመኑ ሲመለስ ተያዘ። አንድ በአንድ ፈትተን ሣጥን ውስጥ አስገባናቸው። ኮክረን አካባቢ እርሻ ያለው የጋሽ ኮሊን ወዳጅ መጥቶ ጭኗቸው ሄደ። ጎመኑ አንድ ትልቅ ድስት ያህል ተረፈ። እኔም ደረቴን ነካሁና በደንብ ተነፈስኩ።

ዴዚ ግን አልወጣችም። ፌረት አንዳንዴ ጉድጓድ ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል አሉ ጋሽ ኮሊን፤ የሚያስወጣት የጥሬ ሥጋ ሽታ ብቻ ነው፣ በተለይ ጉበት። እሳቸው ቤት ያለው ሥጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ፍሪዘር ውስጥ ነው። እኛ ቤት ፍልሰታ ነው፤ እንኳን ጉበት እንቁላል የለም። እናቴ ሽሮ አይሆንም ወይ ብላ የምሯን ጠየቀች። አባቴ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሱቅ ደርሶ ጉበቱን ይዞ የሒሳብ መክፈያው ሰልፍ ላይ ሲቆም ከኋላው የቆሙት እትዬ ስንዱ ነበሩ፤ የማኅበሩ አንጋፋ፣ ሰምተው የማያሳድሩ። አባቴ ታሪኩን በኋላ ሲነግረን ራሱን እየያዘ ነበር። "በፍልሰታ?" አሉት ጉበቱን እያዩ። ለእኛ አይደለም አላቸው። ለማን ነው ቢሉት ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ለተኛችው አላቸው። ማናት የተኛችው ሲሉት ጥንቸል የምታድንልን አለ። ባብራራ ቁጥር እየባሰበት ሄደ። ዴዚ ጉበቱን አሽታ ስትወጣና እናቴ ስልክ ስታነሳ አንድ ሆነ። ወሬው ከተማውን አዳርሷል፤ እነ እንትና ቤት በፍልሰታ ጥንቸል ታድኖ በጉበት እየተሠራ ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ጋሽ ኮሊንም ተጠርተው ነበር። ጸሎት ተደረገ፣ ጎመኑ ቀረበ። ማንም እጁን አልዘረጋም። አንዷ ጨጓራዬን አሉ፣ ሌላዋ ገና አልሰገድኩም አሉ፣ እትዬ ስንዱ ድስቱን በዓይናቸው ይመረምራሉ። አባቴ ስለ መረቡ ዓይን ስፋት ማስረዳት ሲጀምር እናቴ በክርኗ ጎሸመችው። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ። ስለቱ ማብሰል አልነበረም፤ ማብላት ነው። ከጥንቸል የተረፈው ጎመን በሰው ሊቀር ነው።

እኔ አለቀስኩ። ዝም ብዬ አይደለም፤ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ። ካልበላችሁልኝ እሞታለሁ አልኩ። ሳሉ ይመለሳል፣ ጎመኑ የእኔ ነው፣ አባዬ ጥንቸሎቹን የያዘው ለእኔ ነው፣ ድስቱ ደግሞ መኝታ ቤት ተቆልፎበት ነበር አልኩ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"ነይ ልጄ፣ አንቺው አጉርሺኝ" አሉ።

በእንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ዋጡና "ጨው አንሶታል" አሉ። ከዚያ ሁሉም ከእኔ እጅ ካልሆነ አንበላም አሉ። ጋሽ ኮሊን ሳይቀሩ አፋቸውን ከፍተው ተራ ጠበቁ። ድስቱ ተጠረገ።

ዛሬ እዚያው ካልጋሪ፣ ሳቫና የሚባል ሰፈር ውስጥ የራሴ ቤት አለኝ። ያኔ ለአንድ ድስት ጎመን ጎረቤት ሁሉ ይተራመስ ነበር፤ አሁን እኔ የአጥሬን ወዲያ ሰዎች ስም እንኳ በቅጡ አላውቅም። ስለት የድሮ ሰው ነገር ነው እያልኩ እናቴን ስከራከር ኖሬያለሁ። አምና ግን የሦስት ዓመቱ ልጄ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ሲገባ፣ አፌ ሳያማክረኝ ተሳለ። ያውም ቃል በቃል የእናቴን ስለት።

ልጄ ዳነ፤ በረዶው ሲቀልጥ ለአባቴ ደውዬ ጓሮዬ ጎመን ልዘራ ነው አልኩት። አትክልት ተክዬ እንደማላውቅ ያውቃል። የቀልድ መዓት እየጠበቅሁ ነበር።

"ለልጁ ነው?" አለኝ።

አዎ አልኩት። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ደጄ ላይ ቆማ አየሁ፤ በሩን ግን ያንኳኳ ሰው የለም። በመስኮት ስመለከት አባቴ፣ ደረጃ ለመውጣት እንኳ ጉልበቴን የሚለው ሰው፣ በእርጥቡ መሬት ላይ ተንበርክኮ በአጥሩ ሥር የጥንቸል ጉድጓድ ይፈልጋል።