ሙቢታና ነጥብ ሰጪው ታብሌት

ሙቢታ ዛምቢያ፣ ሞንጉ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር የንግግር ፈተና የሚፈትነው በጆሮው ነበር። ተማሪውን ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ያዋራዋል፤ ልጁ ከፈራ ስለ አሣ ማጥመድ ይጠይቀዋል። አጠገቡ ሒሳብ ሳስተምር ሳቃቸው ይረብሸኝ ነበር።

ከዚያ ታብሌት የሚሉት ጉድ መጣ። የትምህርት ቢሮው ሰውዬ «ንዳቴ ሙቢታ፣ ከእንግዲህ የእርስዎ ሥራ ማብራት ብቻ ነው። ነጥቡን እሱ ይሰጣል፤ አድልዎ አያውቅም» አለው፤ «ንዳቴ» በእኛ ቋንቋ አባቴ ማለት ነው።

መጀመሪያ የተፈተነችው ናማካው ነበረች፤ ከእሷ የተሻለ ተናጋሪ አልነበረንም። ካለፈች መምህራን ኮሌጅ ትገባለች። ታብሌቱ በሽማግሌ ድምፅ «ስለ ቤተሰብሽ ንገሪኝ» አላት። ልጅቷ ታላቅን ለማክበር እንዳደገችበት ከወንበሩ ወርዳ ተንበረከከች፤ በቀስታ አጨበጨበች፤ ሽማግሌው «እሺ ልጄ» እስኪላት ጠበቀች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እዚህ ግን ዝምታ ነጥብ ያስቆርጣል። አሥራ አንድ ከመቶ ሰጣት።

ቢሮ አብሬው ሄድኩ። ሙቢታ «የተቀዳውን አንድ ሰው ይስማልን» አለ።

«ሰሚ የለንም» አለ ሰውዬው። «ከመስማት ለመገላገል አይደል እንዴ የገዛነው? ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ይለፍልፉ ይበሏቸው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ አለቃው ገባ። ሰውዬው ዱብ ብሎ ተንበርክኮ አጨበጨበ። ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

ናማካው ዓመቱን ደገመች። ሙቢታ በየቀኑ «እጅሽን ጭንሽ ሥር አድርጊ። ማንንም አትጠብቂ። ዝም ብለሽ ቀጥዪ» ይላታል።

«ንዳቴ፣ ለብቻው የሚለፈልፍ እኮ እብድ ነው» እያለች ትስቅ ነበር። ኋላ ሳቋንም ተወች። ዘጠና ሦስት አመጣች፤ ቢሮው ለትምህርት ቤቱ የምስጋና ወረቀት ላከ። ወረቀቱን ርዕሰ መምህሩ መስታወት አልብሶ ሰቀለው።

ኮሌጅ ልትገባ ሳምንት ሲቀራት፣ ሙቢታ ቤት ገንፎ በእርጎ እየበላን ሳለ ናማካው መጣች። በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አልተንበረከከችም፣ አላጨበጨበችም፣ ግቢ እስክንላትም አልጠበቀችም።

«እህትዎ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል፣ ከእሑድ ጀምሮ ታመው ነበር፣ ቀብሩ ነገ ነው፣ ታንኳው ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል» አለችው ሙቢታን በአንድ ትንፋሽ።

ሙቢታ እጁ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ጎበዝ» አላት በመጨረሻ። «አንድም ቦታ አልቆምሽም።»