የተገለበጠው ጥቅል

መካነ ሰላም ከተማ ከሞተሪኖ ጠጋኙ ጋሽ ሰይድ ዘንድ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ የአርሜቸሩን መዳብ በብርጭቆ ወረቀት ማጥራት ነበር። ሞተሪኖ የመኪናን ሞተር የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ አርሜቸር ደግሞ መሐሉ ላይ የሚዞረው ክፍል። እናቴ የጠቆረ እጄን አይታ፣ «ልጄ፣ ከሰል ጫኝ ሆንክልኝ?» አለችኝ። አኮረፍኩ።

ጋሽ ሰይድ ብዙ አይናገሩም፤ አንድ ነገር ግን ደጋግመው ያሳዩኝ ነበር። በሞተሪኖው የብረት ቤት ውስጥ፣ ዙሪያውን፣ አራት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። ባትሪ ሲያገኙ ማግኔት ይሆናሉ፤ አንዱ ሰሜን፣ ቀጣዩ ደቡብ፣ እየተፈራረቁ። መሐል ያለው አርሜቸርም የራሱን ማግኔት ያወጣል። የሚዞረው እነዚህ ሲሳሳቡና ሲገፋፉ ነው። «አንዱ ከተገለበጠ የጎረቤቱን ጉልበት ይበላል» ይሉኝና ኮምፓስ ያስጠጋሉ። መርፌው በየጥቅሉ ካልተገላበጠ ሞተሪኖው አይገጠምም።

በሦስተኛ ዓመቴ ጋሽ ሰይድ ለለቅሶ ወረኢሉ ሄዱ። የፒካፕ ሹፌሩ አደም ሞተሪኖውን ፈትቶ አመጣልኝ። ጥቅሎቹን አውጥቼ አደስኩና መለስኩ። በባትሪ ስሞክረው ከወትሮው በላይ ፈጠነ። ኩራት ተሰማኝ፤ ኮምፓሱን ሳላነሳ ለአደም ሰጠሁት። የጥቅሎቹ ማግኔት ሲደክም ሞተሩ ያለ ጭነት እንደሚበር፣ ጭነት ሲመጣበት ግን ጉልበት እንደሚያጣ አላውቅም ነበር።

አደምም አላወቀም። በኛ አገር ሹፌር መኪናውን የሚያቆመው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ፍሬን ለቆ በማርሽ ያስነሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞተሪኖዬን የፈተነው የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁሴን የሚባል ገበሬ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ዘሀራን በአደም መኪና ወደ ሆስፒታል ይዞ ሲመጣ፣ ወንዝ መሻገሪያው ላይ የመኪናው ሞተር ጠፋ። ወዲህም ዳገት፣ ወዲያም ዳገት። ሞተሪኖው አቃሰተ፣ ጨሰ፣ ቀረ። ሰው ተጠራርቶ ዘሀራን በቃሬዛ ተሸከማት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ከለቅሶ የተመለሱት ጋሽ ሰይድ ሞተሪኖውን አስመጥተው ኮምፓሱን አዞሩ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጥቅል ላይ መርፌው ወደ አንድ ወገን ቆመ፤ ሦስተኛውን ገልብጬ ነበር የመለስኩት።

«ያንተ እጅ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሂድና ለሁሴን ራስህ ንገረው። እኔ አልነግርልህም።»

ሁሴን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እስክጨርስ ሰማኝ።

«የአላህ ቀደር ነው» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም፣ «ሞተሪኖው መኪናውን ሲያስነሳ አይተህ ነበር?» አለኝ።

«አላየሁም፤ እጄ ላይ ሲዞር ነው ያየሁት።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የተመለስኩት እያለቀስኩ ነው።

ዛሬ የራሴ መጠገኛ አለኝ፤ ነገሩ ግን አሁንም ያመኛል። ይህን ሙያ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይኼ ነው፦ በባዶ የዞረ ሞተሪኖ ተሞከረ አይባልም። መኪናው ላይ ግጠሙት፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙት፣ አስነሱት። ከዚያ ለባለቤቱ ስጡ።