ብረት ቀጥቃጩ የዋሸበት ማክሰኞ

ይህን ያጫወተችኝ የእህቱ ልጅ ናት። ስታጫውተኝ ሰማንያ አልፏት ነበር፤ ነገሩ ሲሆን ግን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አጎቷ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ዋና ሥራው ፈረስ ማጫማት፣ ሰኮናው ላይ የብረት ጫማ መምታት። የጫማው ሚስማር የሚመታው በሰኮናው ጠርዝ በኩል ነው፤ የስንዴ ቅንጣት ያህል ወደ ውስጥ ካለፈ ሥጋ ይወጋና ፈረሱ ያነክሳል። ሰውየው በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድም ፈረስ ወግቶ አያውቅም። ፈረስ የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እሱ ይዞ ይመጣል፤ እሱ «ደህና ነው» ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

እህቱን ያገባው፣ የልጅቷ አባት፣ ደግሞ ባለ ጋሪ ነበር። ከባቡር ጣቢያ መንገደኛ ያመላልሳል፤ ከመንገደኛው ጋር ወሬም ይጭናል። ሰፈሩ «ጋዜጣው» ብሎታል። ጦርነቱ በተነሣበት ዓመት በሙቀቱ ወር ባዝራውን ሊያስጫማ መጣና ገና ከበር ጀመረ።

«ሰማህ ጋሼ? አልጋ ወራሹን ከነሚስቱ መኪና ላይ እንዳሉ ገደሏቸው እኮ!»

«የኛን?»

«ኧረ የሰው አገር!»

«ታዲያ አንተን ምን አላበህ?»

ከወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ወሬው አድጓል። «ገዳዮቹ ለወጡባት ትንሽ አገር ደብዳቤ ተጻፈ ጋሼ። በአርባ ስምንት ሰዓት መልስ አምጡ ተባለ። ትንሿ አገር ደግሞ ታላቅ ወንድም የሆናት ትልቅ አገር አላት። ታላቅ ወንድሟ ሲነሣ ጎረቤቱ ይነሣል፤ ጎረቤቱ ሲነሣ ወዳጃችን ዝም አይልም።»

«እኛስ?»

«እኛማ ቃል አለብን። የወዳጅ ወዳጅ ነን።»

«እኔ ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ስጣላ አንድም ሰው አልመጣልኝም» አለ ቀጥቃጩ፣ የባዝራዋን እግር ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ።

«ቀልድ አንተ! ጦርነቱ ሁለት ሳምንት ነው። አዝመራው ሳይሰበሰብ ያልቃል።»

በዚያው ሳምንት ጦርነቱ ታወጀ፤ ጋዜጣውም ጋሪው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያውለበለበ ከተማውን ዞረ። በማግስቱ ግድግዳው ሁሉ ማስታወቂያ ተለጠፈበት። ዕድሜው ከአራት እስከ አሥራ አራት ዓመት የሆነ ፈረስ ሁሉ ማክሰኞ ጠዋት አደባባይ ይቅረብ፣ ለጦሩ ይፈለጋል ይላል። ባዝራዋ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤተሰቡ የሚያድረው በእሷ ነው።

ጋዜጣው እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ አንዷን ሚስማር ብቻ ወደ ሥጋው ጠጋ አድርገህ ምታልኝ። ሲያዩዋት ታንክስ፤ ከዚያ ትነቅልልኛለህ።»

«አላደርገውም።»

«የእህትህ ልጆችስ?»

«ሁለት ሳምንት ነው አላልክም? ሁለት ሳምንት ሸክም ተሸከም።»

እህትየው ይህን ስትሰማ ወንድሟን ሰላም ማለት ተወች።

ማክሰኞ የጦሩ የከብት ሐኪም አደባባዩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀመጠ። ቀጥቃጩ በትእዛዝ ተጠርቷል፤ የየፈረሱን እግር እያነሣ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ደህና የተባለው ሰኮናው ላይ በጋለ ብረት ቁጥር ይተኮስበታል።

ባዝራዋ እያነከሰች መጣች። ጋዜጣው ፊቱ ኖራ መስሏል። ቀጥቃጩ የፊት ግራ እግሯን ሲያነሣ ሰኮናው ይፋጃል። አንዱ ሚስማር ጠልቆ ገብቷል፤ የጀማሪ እጅ ነው። ጋዜጣው ራሱ መትቶታል ማለት ነው። እስኪመሽ ከቆየ ይመግላል፤ ሰኮናዋ ሊወልቅ ይችላል። አሁን ከተነቀለ ደግሞ ሐኪሙ «ማን መታው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ለጦሩ የተጠራን ፈረስ ያሰናከለ ወኅኒ ነው።

«ምን ሆና ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ከሕዝቡ መሀል ቆመን እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ» አለችኝ የእህቱ ልጅ።

«የኔ ሚስማር ነው» አለ አጎቷ። «ያጫማኋት እኔ ነኝ። ወግቻታለሁ።»

ተራው ደርሶ ፈረሱን ይዞ የቆመው ወተት ሻጭ ሳቀ። «አንተ? አንተ ወጋህ?»

«እጅ ያረጃል።»

ሐኪሙ ትክ ብሎ አየው። «ከጦሩ ጋር ልወስድህ አስቤ ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ይቅርብኝ። ንቀልና ትሂድ። ቀጣይ!»

ቀጣዩ የወተት ሻጩ ፈረስ ነበር። የተጠየቀው የፈረስ ብዛት መሙላት ስላለበት፣ ያረጀና ሊመለስ የነበረ ቢሆንም ተጻፈ፤ ተተኮሰም።

ማታ ጋዜጣው መጣ። «ጋሼ፣ እግርህን ልሳም።»

«ሂድ የወተት ሻጩን ሳም።»

ከዚያ ወዲህ በከተማው የቀሩት ጥቂት ፈረሶች ወንዝ ማዶ ላለው ቀጥቃጭ ይወሰዱ ጀመር። እሱ ግን በየቀኑ በምሳ ሰዓት እህቱ ቤት እየሄደ የባዝራዋን እግር በሞቀ የጨው ውሃ ያጥባል። እህቱ ወንበር ታቀርብለታለች። ወተት ሻጩ ገንቦውን በትከሻው አንጠልጥሎ ባለፈ ቁጥር ግን ቀጥቃጩ ቀና ብሎ አያየውም።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። መጀመሪያ እነ እገሌ የሚባሉ ከተሞች ተያዙ ተባለ፤ ቀጥሎ እነዚያው ከተሞች ተለቀቁ ተባለ። አዝመራው በሴቶችና በሽማግሌዎች እጅ ተሰበሰበ። ጋዜጣውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለመደ።

«ወታደሩ በሁለቱም ወገን ጉድጓድ ቆፍሮ ገባ ይላሉ ጋሼ።»

«ጥልቅ ነው?»

«ከሰው ቁመት ይበልጣል አሉ።»

ቅጠል ሲረግፍ ሁለተኛው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ባዝራዋ ድናለች፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጋዜጣው በዋዜማው ራሱ እየጎተተ ይዟት መጣ። ያን ቀን ምንም አልለመነም።

ቀጥቃጩ አራቱንም አሮጌ ጫማ አወለቀ። አዲስ ብረት አግሎ ቀጠቀጠና በየጫማው ሥር አራት አራት ሹል ጥርስ አወጣለት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት የሚመታ ጫማ ነው። በረዶ እስኪጥል ሁለት ወር አለ።»

«አውቃለሁ። በረዶው ጦሩ ጋ ያገኛታል።»

 ጋዜጣው የባዝራዋን አንገት አቀፈ።

«እንዳትነቃነቅ ያዝልኝ» አለው ቀጥቃጩ፤ የመጀመሪያውን ሚስማር በጥንቃቄ፣ ከጠርዙ ሳያልፍ መታ።