በሙሉ ድምፅ ያለፈው ቀለም

በደርግ ማብቂያ ዓመታት ነው። ነቀምቴ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ኮምፒውተር እንድተክል ከአዲስ አበባ ተላክሁ። የጽሑፍ ፕሮግራሙን እየጫንኩ ሳለ የስክሪን ቀለም ምረጥ የሚል ጥያቄ መጣ። ፕሮግራሙ ራሱ ሰማያዊው ላይ ምልክት አድርጎ ይጠብቃል። እሺ ብዬ ላልፍ ስል የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ገመቹ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ሰማያዊውን ማን መረጠው?»

«ከፋብሪካው እንዲሁ ነው የመጣው፣ ጓድ።»

«የት አገር ፋብሪካ?»

ምን ልበል? አሜሪካ ብል አለቀልኝ። እሱ ግን መልሴን ሳይጠብቅ ሠራተኛው በሙሉ እንዲሰበሰብ አዘዘ።

«ከቀይ ሌላ የሚል አለ?»

ማን ይላል! እጅ ሁሉ ለቀይ ወጣ፣ የእኔም ጭምር። ነጩ ፊደል ደም በመሰለው ስክሪን ላይ ሲንቀጠቀጥ የታይፒስቷ የአያንቱ ዓይን አንድ ገጽ ሳትጨርስ እንባ አቀረረ። ጠርጋው መተየቧን ቀጠለች።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ ገመቹ ብቻውን መጣ። አያንቱ የተየበችውን ሪፖርት ስክሪኑ ላይ ሊያነብ ተቀመጠ፤ ቀረብ አለ፣ ራቅ አለ፣ ዓይኑን አሸ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«ኦቦሌሳ፣» አለኝ፣ እስከዚያች ሰዓት ወንድሜ ብሎኝ የማያውቀው ሰው። «እዚህ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ሲጠፋ ቀለሙ ወደ ድሮው ይመለሳል?»

«አይመለስም፣ ጓድ። አንዴ የተመረጠው ይጸናል።»

«ይመለሳል በል።»